ትንሽ ውሻ ለትንንሽ ልጆች ቤት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ዳርቻ የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል። ልጆች ውሻ ይገዛልን ይላሉ፣ ወላጅ ደግሞ «ትንሽ ከሆነች ምን ችግር አለው» ብሎ ሊስማማ ጫፍ ላይ ደርሷል። ስምንቱን መርጠን መልሰናል።

«ወንዱ 3፣ ሴቷ 6 ዓመታቸው ነው። ግቢያችን ጠባብ ናት። ባለቤቴ ትንሽ ስለሆነች ልጆቹን አትጎዳም ብሎ ቺዋዋ ካልሆነ ይላል። እኔ ደግሞ ነጭ ጸጉራሟን ፑድል ወድጃለሁ። የትኛዋ ትሻለናለች?» ት.፣ ከለገጣፎ

በእናንተ ቤት ውሻዋ ልጁን ትጎዳለች ወይ ከሚለው ይልቅ ልጁ ውሻዋን ይጎዳታል ወይ የሚለው ይቀድማል። የሦስት ዓመት ልጅ ያቅፋል፣ ይጨምቃል፣ ከዚያ ሌላ ነገር ሲያይ ይለቃል። የተጨመቀች ወይም የወደቀች ውሻ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ልጁ ሲጠጋት ቀድማ ትናከሳለች። ቺዋዋ ለትንሽ ልጅ የማትሆነው ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ ራሷን የምትጠብቅበት ሌላ መንገድ ስለሌላት ነው።

አዋቂ ቺዋዋ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ትመዝናለች። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቀራል። የፊት እግራቸው አጥንት ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም። ልጁ ቆሞ አቅፏት ብታመልጠው ወይም ከሶፋ ዘላ ብትወርድ ከመዳፏ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ሊሰበር ይችላል። በዚህ መጠን ያሉ ውሾች ላይ ያ ቦታ ደም እንደልብ ስለማያገኝ ስብራቱ ቶሎ አይገጥምም፤ ጄሶ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ ብረት ማስገባት ይመጣል። ዮርክሻየር ቴሪየርና ፖሜራኒያንም ከዚሁ ወገን ናቸው። ትንሹ ልጅዎ 8 ዓመት እስኪሞላው ሦስቱንም ይተዋቸው።

ለእናንተ ቤት የሚሆነው መጠን ከ5 እስከ 10 ኪሎ ያለው ነው። ፑድል ከተባለ «ቶይ» የሚባለውን በጣም ትንሹን ሳይሆን ትከሻው ላይ ሲለካ ከ28 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰውን ይፈልጉ። ብልህ ነው፣ ቶሎ ይማራል፣ ጸጉሩ ብዙም አይረግፍም። ጣጣው ጸጉሩ ማደጉን ስለማያቆም በየ6 ሳምንቱ መቆረጥ አለበት፤ በክረምት የለገጣፎ ጭቃ ውስጥ ደግሞ አሳጥሮ ማቆየት ግድ ነው። ካልተቆረጠ ከብብቱና ከጆሮው ሥር ይቋጠራል፣ ከቋጠሮው ሥር ያለው ቆዳ ይቆስላል፣ ልጁ እዚያ ሲነካው ይነክሳል። ሰው ታዲያ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል።

ሺ ትዙ (ከ4 እስከ 7 ኪሎ) ረጋ ያለና ልጅ የሚችል ነው። ግን አፍንጫው የተደፈጠጠ ስለሆነ ሲሮጥና ሲሞቀው በቂ አየር አያገኝም። በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ የሳሳ ነው። ቁጭ ብሎ እያለ ሲተነፍስ ድምፁ ከሌላ ክፍል የሚሰማ ከሆነ አይውሰዱት። ፓግና ፔኪኒዝም በዚሁ ይመዘኑ። ቢግል (ከ9 እስከ 11 ኪሎ) የልጅ ጫና በመቻል ከሁሉም ይበልጣል፤ ነገር ግን የሚኖረው በአፍንጫው ነው። በር ተከፍቶ ካገኘ ሽታ ተከትሎ ይሄዳል፣ ሲጠሩትም አይሰማም። አጥራችሁ ቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ ክፍተት ካለው በቁፋሮ ይወጣል። ጃክ ራስል ቴሪየር በቀን አንድ ሰዓት የሚያሯሩጠው ሰው ለሌለው ቤት አይሆንም። ወገበ ረጅሙ ዳክስሁንድ ልጅ በሆዱ ሥር አንድ እጅ ብቻ አስገብቶ ሲያነሳው የጀርባ አጥንቱ መካከል ያለው ዲስክ ሊወጣና የኋላ እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል።

አሁን ያልጠየቁንን እንጨምር። ከሁሉም የሚሻልዎት ቡችላ ሳይሆን ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት የሆናት፣ ልጅ ያለበት ቤት ያደገች ውሻ ናት። ጠባይዋ ታውቋል፣ መጠኗ ታውቋል፣ ጥርሷን በልጅ እጅ ላይ የምትለማመድበት ጊዜ አልፏል። የሐበሻ ውሻ ድቅል ብትሆንም አይናቋት። በዘር ተመርጣ የተዳቀለች ስላልሆነች የጉልበት መውለቅም የትንፋሽ ማጠርም ብዙም አያገኛትም። ቡችላ ካልሆነ ካላችሁ ግን ትንሹ 5 ዓመት እስኪሞላው መታገስ ይበጃል፤ ያ ካልተቻለ ቡችላዋንና ልጁን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ብቻቸውን ላለመተው ቤቱ ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ይስማማ።

«መንገድ ዳር በካርቶን ከሚሸጡት ‘የፈረንጅ ናት፣ ሁለት ወሯ ነው፣ ተከትባለች’ ተብዬ ገዛሁ። በአምስተኛው ቀን አስመለሳት፣ ደም አስቀመጣት፣ ሞተች። ልጆቼ አልቅሰው አልወጣላቸውም። በድጋሚ ስገዛ ምን ልይ?» ገ.፣ ከሰበታ

የገለጹልን ምልክት ፓርቮ የተባለውን የቫይረስ በሽታ ይመስላል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ድረስ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ስትገዛ የምትዘል ቡችላ በሽታውን ይዛው ሊሆን ይችላል። ሻጩ አታሎዎት ላይሆንም ይችላል፤ ከአምስት ቤት የመጡ ቡችሎች አንድ ካርቶን ውስጥ ሲከማቹ አንዷ የያዘችውን ሁሉም ይይዙታል።

ሌላ ከማምጣትዎ በፊት ቤቱን ያጽዱ። መጀመሪያ ወለሉንና ዕቃውን በሳሙና ይጠቡ፤ ቆሻሻ ባለበት በረኪና አይሠራም። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጠው ለ10 ደቂቃ እርጥብ አድርገው ያቆዩት። የተኛችበትን ጨርቅና ካርቶን ያቃጥሉ። የግቢውን አፈር ግን በረኪና አያጸዳውም፣ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቀጣይዋ ውሻ ክትባቷን የጨረሰች፣ ቢያንስ ከ4 ወር ተኩል በላይ የሆናት ትሁን።

«ሁለት ወሯ ነው» የሚለውን በጥርስ ያጣሩ። በ8 ሳምንት 28ቱም የወተት ጥርሶች ወጥተው ያልቃሉ፤ ከፊት ከላይ 6 ከታች 6 ትንንሾች፣ በግራና በቀኝ እንደ መርፌ የሾሉ ክራንቻዎች፣ ከኋላ መንጋጋ። መንጋጋው ገና ድድ ብቻ ከሆነ ወይም ዓይኗ ደፍርሶ ሰማያዊ ከመሰለ 4 ወይም 5 ሳምንቷ ነው፣ ይተዋት። ከእናቷና ከእህት ወንድሞቿ ጋር ሆና ጠንክራ ስትነክስ እነሱ ጮኸው ጨዋታውን ሲያቋርጡባት ነው ጥርሷን መቆጠብ የምትማረው። ከ8 ሳምንት በፊት የተለየች ቡችላ ይህን አልተማረችም፣ ትምህርቱን በልጆችዎ እጅ ላይ ትጨርሰዋለች።

«የፈረንጅ ናት» የሚለውን ደግሞ እናቷን በማየት ያጣሩ። የአንድ ወር ቡችላ ሁሉ ለስላሳና ጸጉራም ነው፣ የሐበሻውም ጭምር። የቡችላ ጸጉሩ ከ4 ወር ጀምሮ እየረገፈ ሲሄድ ነው እውነቱ የሚታየው። እናቷን ማሳየት ያልቻለ ሻጭ ስለ ዘሯ የሚያወራው ሁሉ ዋጋ ለመጨመር ነው። «ተከትባለች» ከተባለ ደብተሩን ይጠይቁ። ከብልቃጡ ላይ የተላጠው ስቲከር፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም አንድ ላይ መኖር አለባቸው። ቀን ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ክትባት አይደለም።

ከዚያ ቡችላዋን ያንሱና በእጅዎ ይፈትሹ። ድዷ ሮዝ መሆን አለበት፤ ከነጣ የአንጀት ትል ወይም ቁንጫ ደሟን መጦት ሊሆን ይችላል። ሆዷ ተነፍቶ የጎን አጥንቷ ከታየ ወስፋት ነው፤ ይህ ይድናል፣ ግን ልጆች ከመንካታቸው በፊት መድኃኒት ትውሰድ። ከዓይኗና ከአፍንጫዋ ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ካለና ካሳላት ዲስተምፐር የተባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ሳያመነቱ ይመልሷት። ጭራዋን አንስተው ከሥር ይመልከቱ፣ ተቅማጥ የደረቀበት ካለ አትሆንም። እምብርቷ ላይ ጣት የሚያስገባ እብጠት ካለ ኦፕሬሽን ይጠብቃታል። ሜዳ ላይ ያሩጧት፤ በየሦስት አራት እርምጃው አንድ የኋላ እግሯን አንስታ የምትዘል ከሆነ የጉልበቷ ሎሚ ይንሸራተታል፣ ይህ በትንንሽ ዘሮች ላይ የተለመደ ነው። ነጭ እርጥብ ሶፍት ላይ ጸጉሯን ያራግፉ፤ የወደቀው ጥቁር ነጥብ ወደ ቀይ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው።

ጠባይዋን ለማየት ሁለት ነገር ይበቃል። ቁልፍ ከኋላዋ ወለሉ ላይ ይጣሉ፤ መደንገጧ ደግ ነው፣ ዋናው ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ተመልሳ ማሽተቷ ነው። ጥግ ገብታ የቀረችው በልጆች ጩኸት ቤት ውስጥ አትረጋጋም። ቀጥሎ እጅዎ ላይ በጀርባዋ አስተኝተው ግማሽ ደቂቃ ይያዟት። ትንሽ ታግላ የምትረጋጋዋ ለእናንተ ናት። እስከ መጨረሻው የምትታገልና የምትናከሰዋን፣ እንዲሁም ከፍርሃት የተነሳ ደርቃ የምትቀረዋን ለሌላ ይተዉ። ሰው ከካርቶኑ ውስጥ ጥግ የተሸሸገችውን «አሳዘነችኝ» ብሎ ይወስዳል። አሳዛኝነቷ እውነት ነው፤ ግን ለልጆች ቤት የሚሆን ምክንያት አይደለም።

ክትባቷ በ8፣ በ12 እና በ16 ሳምንት ይሰጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሯ ይጨመራል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይቀጥላል።

«ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ሁለታችንም ሠራተኞች ነን፣ ልጃችን 5 ዓመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ትመለሳለች። ቡችላ ብንይዝ ሽንቷንና ጩኸቷን እንዴት እናስተዳድራለን?» ሀ.

ቡችላ ሽንቷን የምትይዝበት ሰዓት በወሯ ልክ ነው ማለት ይቻላል፦ የ2 ወሯ 2 ሰዓት፣ የ3 ወሯ 3 ሰዓት፣ ተኝታ ከሆነ ትንሽ ይረዝማል። ቀን ቤት የሚውል ሰው ከሌለ ከ6 ወር በታች ያለችውን አትያዙ። የቤት ሠራተኛ ካለች ደግሞ እሷ ውሻ ትፈራ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቋት። ቀኑን ሙሉ አብራት የምትውለው እሷ ናትና ያለ ፈቃዷ የመጣ ውሻ በረንዳ ላይ ተዘግቶበት ይውላል።

ሰው ካለ ሥልጠናው ቀላል ነው። ክትባቷ እስኪያልቅ ደረጃውም ግቢውም የሁሉም ብሎክ ውሻ የሚመላለስበት ስለሆነ አታውርዷት፣ በረንዳው አንድ ጥግ ጋዜጣ ይነጠፍ። ከእንቅልፍ ስትነሳ፣ በልታ በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ ተጫውታ ስትጨርስ ወደዚያ ውሰዷት። ስትጨርስ እዚያው ቆማችሁ አንድ ትንሽ ቁራሽ ስጋ ስጧት፤ ቤት ከገባች በኋላ የተሰጠ ለምን እንደሆነ አይገባትም። ስሕተት ብትሠራ አፍንጫዋን አትንከሩ፣ መደበቅ እንጂ ሌላ አትማርም። ሽንቱ ያረፈበት ቦታ በአሞኒያ በሚሸት ማጽጃ ከተጠረገ እዚያው ትመላለሳለች፣ ሽታው ለእሷ ሽንት ነው። አቸቶ በውሃ አቅጥናችሁ ጥረጉ።

ለጩኸት ፖሜራኒያንና ቴሪየሮች ለኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ምርጫ ናቸው፤ በደረጃው የሚያልፈውን ሁሉ ይቆጥራሉ። የምትውልበትን ቦታ ከመውጫው በር አርቁት። ስትወጡ አትሰናበቷት፣ ስትገቡም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ዝም በሏት። በረንዳው ላይ ደግሞ የብረቱ ክፍተት ከ5 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ከታች 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወንፊት ሽቦ ይታሰርበት።

«እናቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ውሻ ቤት ገባ ማለት ለእሳቸው ነውር ነው። ውጭ እንዳሳድራት ደግሞ ሠፈራችን ጅብ ያድራል። ምን ላድርግ?» ደ.፣ ከቡራዩ

እናትዎ ትክክል ናቸው፣ ጅቡም ቀልድ አይደለም። 6 ኪሎ ውሻ ለጅብ አንድ ጉርሻ ናት፤ መንጋ ሆነው የሚዞሩ የባዘኑ ውሾችም አይምሯትም። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ግቢ ውስጥ ልቅ አትሁን፣ በሰንሰለትም አትታሰር። የታሰረች ውሻ መሸሽ እንኳ አትችልም።

መካከለኛው መንገድ የሚዘጋ በረንዳ ወይም የሰርቪስ ክፍል ጥግ ነው። የእንጨት ሳጥን ሥሩ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ርዝመቱ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መነሻ ያለው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮበት ይሠራ። ከዚያ ከሰፋ በራሷ ሙቀት አይሞቅም። መግቢያው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አይሁን። ውስጡ አሮጌ ጋቢ ይነጠፍ፣ በየሳምንቱ ይታጠብ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ አጭር ጸጉር ያላትን ሹራብ አልብሷት። ወደ ሳሎንና ወደ ወጥ ቤት የሚወስደው በር ላይ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የጣውላ መከለያ ያሠሩ፤ እናትዎ የሚጸልዩበት ክፍል በፍጹም አትግባ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ካልያዙ በኋላ አይያዝም፤ ልጆቹ አንድ ቀን አልጋ ላይ ካወጧት የእናትዎ ክርክር ተረታ ማለት ነው።

«ዶሮ ወጥ የተረፈውንና አጥንቱን ነው የምንሰጣት። በበዓል ደግሞ በግ እናርዳለን፣ ሳንባና ጉበቱን በሽታ ካበላሸው ለእሷ እንወረውራለን። እንዲህ መመገብ ጉዳት አለው?» ወ.፣ ከሱሉልታ

ጉዳቱ ሁለት ነው፣ አንዱ በእሷ ላይ፣ ከባዱ ግን በልጆቻችሁ ላይ።

በዶሮ ወጥ እንጀምር። ሽንኩርት፣ ቢበስልም ቢጠበስም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ሊጎዳት ይበቃል። 5 ኪሎ ለምትመዝን 75 ግራም ማለት ከአንድ መካከለኛ ሽንኩርት ያነሰ ነው፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከዶሮው ይልቅ ሽንኩርቱ የሚበዛበት ምግብ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ይብሳል። ትንሽ በትንሽ በየቀኑ ሲሰጥም ይጠራቀማል፤ ከቀናት በኋላ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ቀልቶ ቡናማ ይሆናል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰነጠቅ ይሾላል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዘቢብ፣ ቸኮላት፣ የቡና አተላ፣ ያልተጋገረ ሊጥ (ሆዷ ውስጥ መቦካቱን ይቀጥላል) እና ስኳር የለውም ተብሎ የሚሸጥ ማስቲካ የሚደረስባቸው ቦታ አይቀመጡ።

አሁን ወደ በጉ። ጉበቱና ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ እብጠት ሲታይ ብዙ ሰው «ይህስ ለሰው አይሆንም» ብሎ ለውሻ ይጥላል። ያ ከረጢት የአንድ የኮሶ ትል ዓይነት እጭ ነው። ውሻዋ ጥሬውን ከበላችው ከ6 ወይም 7 ሳምንት በኋላ ትሎቹ አንጀቷ ውስጥ አድገው እንቁላላቸውን ከኩሷ ጋር ታወጣለች። እንቁላሉ ጸጉሯ ላይ ይጣበቃል፣ ልጁ ይዳብሳታል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያ ከረጢት ለዓመታት ያድጋል፣ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ኦፕሬሽን ነው። ውሻዋ ላይ ምንም ምልክት አይታይም። ስለዚህ እብጠት ያለበት ሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር፣ ወይም ይቃጠል። እብጠት የሌለውም ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይፈላ አይሰጥ። ቅርጫ ስትካፈሉም ይህን ለጎረቤት ንገሩ፣ የጎረቤት ውሻም ወደ እናንተ ግቢ ትመጣለች።

የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ያለበት ይሁን። ለበግና ለከብት የሚሰጠው አልቤንዳዞል ብቻውን ይህን ትል አያጠፋውም። በግ በምታርዱበት ቤት በየ6 ሳምንቱ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ለቡችላ ደግሞ ወስፋት ከእናቷ ማኅፀንና ወተት ስለሚተላለፍ ከ2 ሳምንቷ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 3 ወሯ፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 6 ወሯ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ ይሰጣል። ኩሷ በየቀኑ ይነሳ። የወስፋቱ እንቁላል በሽታ ለማስተላለፍ አፈር ላይ ከ2 ሳምንት በላይ መቆየት ስላለበት የዕለቱን የዕለቱ ማንሳት ግማሹ መከላከያ ነው።

ምን ትብላ ለሚለው፣ 5 ኪሎ ለምትመዝን አዋቂ በቀን 120 ግራም የበሰለ ቀይ ስጋ፣ 100 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ ጥቂት የተቀቀለ ካሮት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ተፈጭቶ የላመ የእንቁላል ቅርፊት፤ ጨውም ሽንኩርትም የለበትም፣ ለሁለት ጊዜ ይከፈላል። ቅርፊቱን አትዝለሉት። ስጋ ብቻ የምትበላ ውሻ ካልሲየም ስለሚጎድላት ከአጥንቷ ትበደራለች፣ ቡችላ ከሆነች እግሯ ይጎብጣል። ለቡችላ እስከ 6 ወሯ ድረስ የቡችላ ደረቅ መኖ ብትገዙላት ይሻላል፤ በቀን አራቴ፣ ከ4 ወሯ በኋላ ሦስቴ።

«የ4 ዓመት ልጄን የ3 ወር ቡችላችን እጁ ላይ ነከሰችው፣ ትንሽ ደማ። ቡና ነሰነስኩበት። ትጣል ወይስ ትቆይ?» መ.፣ ከየካ አባዶ

መጀመሪያ ልጁ። ቁስሉን ዛሬውኑ፣ ቡናውን አጥበው አውጥተው፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡት። ሰዓት ይያዙ፣ 15 ደቂቃ ከሚመስለው ይረዝማል። ቡና፣ አመድ፣ ሎሚ ምንም አይጨመር። ከዚያ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ቡችላ ስለሆነች የእብድ ውሻ በሽታ የላትም ማለት አይቻልም፤ ክትባቷንም ገና አልጨረሰችም። ሐኪሙ ክትባት ካዘዘ የመጀመሪያው ቀን ዜሮ ተብሎ በ3ኛው፣ በ7ኛው እና ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል፤ አንዱም አይዘለል። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ካሰቡ ከክትባቱ ጎን እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም።

ቡችላዋን አይግደሏት፣ አይጣሏትም። 10 ቀን ተለይታ ትጠበቅ። በ10ኛው ቀን ደህና ከሆነች በነከሰችበት ሰዓት ምራቋ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። በመካከል ከሞተች ወይም ጠባይዋ ከተለወጠ ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ፣ ምርመራው በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደረጋል፤ ሰዉ እስካሁን ፓስተር የሚለው ነው።

ደህና ከሆነች ደግሞ ጥያቄው ምን ላይ እያለች ነከሰች የሚለው ነው። ስትበላ፣ ስትተኛ፣ ጥግ ይዛ ስትታቀፍ ከሆነ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ለ4 ዓመት ልጅ ሦስት ሕግ ይበቃል፦ ስትበላ አትነካም፣ ስትተኛ አትነካም፣ ቆሞ አይታቀፍም። መያዝ ከፈለገ ወለል ላይ ተቀምጦ እሷ ወደ እሱ ትምጣ። ሦስት ሰኮንድ ዳብሶ እጁን ያንሳ፤ ከተጠጋችው ይቀጥል፣ ፊቷን ካዞረች ይተዋት። ፊት ማዞር፣ ከንፈር መላስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት ማዛጋት፣ የዓይን ነጩን ማሳየት፣ መድረቅ፣ በእነዚህ ነው «በቃኝ» የምትለው፤ ማጉረምረም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ስታጉረመርም አይምቷት። የተመታች ውሻ ማጉረምረሙን ትታ በቀጥታ ትናከሳለች።

«ልጄ አስም አለበት። ጸጉር የማያረግፍ ውሻ ብይዝ ችግር የለውም ይሉኛል።» ሰ.፣ ከገላን

አለው። አለርጂውን የሚያመጣው ጸጉሩ ሳይሆን ምራቋና ቆዳዋ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ፑድልም ማልቲዝም አላቸው። ልጁን ውሻ ያለበት ዘመድ ቤት በተለያዩ ቀናት እየወሰዱ አንድ አንድ ሰዓት ያቆዩት፣ ሐኪሙንም ያማክሩ። ካሳለው ዶሮ ይግዙለት።

«ወንድ ወይስ ሴት? መዥገርስ? የከብት መርፌ ትንሽ ብንሰጣትስ?» ለ.፣ ከቱሉ ዲምቱ

ለልጆች ጠባይ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ሴት ከሆነች ከ6 እስከ 12 ወሯ ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ኮርማ ፍለጋ ይመጣል፤ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ የሠፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችሁ ላይ ያድራል። ያኔ ልጆቹ በሩን ሲከፍቱ ነው አደጋው። በ6 ወሯ ገደማ ማስመከን ይገላግላል። ወንዱም ካልተኮላሸ ሽታ ተከትሎ ይጠፋል።

ለከብት የሚወጋው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው። በከብቱ ልክ በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ቢሰላ ለ3 ኪሎ ውሻ 0.06 ሚሊ ሊትር ነው የሚደርሰው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የመጀመሪያዋ ትንሽ መስመር ብቻ 0.2 ናት። በእጅ መገመት አይቻልም፣ ሲበዛ ያንቀጠቅጣታል፣ ያሳውራታል። ዲያዚኖን የተባለው የመዥገር መግደያም ለከብት እንደሚቀጠነው ተቀጥኖ አይቀባ። ከብት በሚውልበት ሜዳ ካለፈች ማታ ማታ ጆሮዋን፣ በጣቶቿ መካከል፣ ብብቷንና ብሽሽቷን ዳብሳችሁ መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳዋ ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። አታፍርጡት፣ ጋዝም አትቀቡበት። በኪሎዋ ልክ የታሸገ የውሻ ጠብታ ከእንስሳት ክሊኒክ ይገኛል፤ ጀርባዋ ላይ ከተንጠባጠበ በኋላ እስኪደርቅ ልጆቹ አይንኳት።